ምስጢር ሳይወጣ ማረጋገጥ፦ እንዴት ይሠራል? ምን ያስከፍላል?

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ነበር። ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአካባቢው ነዋሪ መሆኔን። «የመታወቂያዎን ኮፒ ያምጡ» አሉኝ። አመጣሁ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ከተከመሩት ኮፒዎች ላይ ተደረበ። አመስግኜ ወጣሁ።

ማታ መታወቂያዬን አውጥቼ ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። ሙሉ ስሜ አለ። የተወለድኩበት ቀን አለ። የቤት ቁጥሬና የደም ዓይነቴ አለ። ከታች ደግሞ በአደጋ ጊዜ ተጠሪዬ የሆነችው እህቴ ከነስልክ ቁጥሯ ተጽፋለች። እነሱ የፈለጉት «አዎ፣ ነዋሪ ነው» የሚል ቃል ነበር። እኔ ግን የእህቴን ስልክ ጭምር ሰጥቼ መጣሁ፤ ያውም ሳላስፈቅዳት።

«አዎ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰጥቶ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም ወይ? ይቻላል። የሒሳብ ሰዎች መንገዱን ካገኙት 40 ዓመት ያህል ሆኖታል። ስሙ ዜሮ ኖውሌጅ ፕሩፍ ይባላል፤ «ዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ» እንደ ማለት ነው። ዜሮ የተባለው የሚያጣራው ሰው በትርፍ የሚያገኘው ዕውቀት ነው። እኛ እዚህ «ምስጢር የማያወጣ ማረጋገጫ» እያልን እንቀጥል።

ከማን የመጣ ሐሳብ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1985 ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊ እና ቻርልስ ራኮፍ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አቀረቡ። ጥያቄያቸው ያልተለመደ ነበር። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ስናረጋግጥ፣ ከእውነትነቱ ሌላ ምን ያህል ዕውቀት አብሮ ይፈስሳል? ከዚያም ምንም ሳይፈስ ማረጋገጥ የሚቻልባቸው ጉዳዮች እንዳሉ አሳዩ። ጎልድዋሰርና ሚካሊ የ2012ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት ነው።

በእነሱ አነጋገር ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ ምስጢሩን የያዘው ነው፤ አስረጂ እንበለው። ሌላው የሚያጣራው ነው፤ ጠያቂ እንበለው። ማረጋገጫው ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ጠያቂው ማመን አለበት። ሁለተኛ፣ ሐሰት ከሆነ መታለል የለበትም። ሦስተኛ፣ «እውነት ነው» ከሚለው በስተቀር ሌላ ምንም መማር የለበትም።

ሦስቱ አብረው የሚሄዱ አይመስሉም። ሁለት ጥቅል ክር ይዘን እንሞክረው።

በክር እንየው

እንበልና ጋሽ ታዬ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ጎረቤት አሉዎት። ዓይናቸው ቀይና አረንጓዴን አይለይላቸውም። ሁለት ጥቅል ክር ይዘው «እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለምን ሁለት አስገዛችሁኝ?» ይላሉ። እርስዎ ክሮቹ እንደሚለያዩ ሊያሳምኗቸው ይፈልጋሉ። የትኛው ቀይ እንደሆነ ግን መናገር አይፈልጉም።

እንዲህ ያደርጋሉ። ጋሽ ታዬ አንዱን ክር በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዘው ያሳዩዎታል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። ከፈለጉ ክሮቹን ያቀያይራሉ፤ ካልፈለጉ እንዳሉ ይተዋሉ። መልሰው ያሳዩና «ቀያየርኩ ወይስ አልቀያየርኩም?» ይላሉ።

ክሮቹ ቀለማቸው ስለሚለያይ እርስዎ አይስቱም። አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ግን በግምት ብቻ ነበር የሚመልሱት፤ በግምት የማግኘት ዕድልዎ ደግሞ ግማሽ ነው። ጋሽ ታዬ አንዴ ቢሞክሩ «በዕድል ነው» ይላሉ። አሥር ጊዜ ሞክረው ሁሉንም ቢያገኙባቸው፣ በዕድል የመሆኑ ነገር ከ1,024 አንድ ነው። ሃያ ጊዜ ከሆነ ከ1,048,576 አንድ። ያኔ ማመናቸው አይቀርም።

ታዲያ ምን ተማሩ? ክሮቹ እንደሚለያዩ ብቻ። የትኛው ቀይ እንደሆነ አሁንም አያውቁም። ምክንያቱም እርስዎ የሰጧቸውን መልስ ሁሉ እሳቸው አስቀድመው ያውቁት ነበር። መቀያየራቸውንና አለመቀያየራቸውን ከራሳቸው በላይ ማን ያውቃል? የሚያውቁትን መልሰው ነገሯቸው እንጂ አዲስ ነገር አልሰጧቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ጋሽ ታዬ በማግስቱ ለባልንጀራቸው «እንዲህ ስጠይቅ እንዲህ ተመለሰልኝ» ብለው ቢያወሩ ባልንጀራቸው አያምንም። «ተመካክራችሁ ይሆናል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሁለት ሰው ቢስማማ ያንኑ ንግግር ፈጥሮ መጻፍ ይችላል። ማንም ፈጥሮ ሊጽፈው በሚችለው ንግግር ውስጥ ምስጢር ሊኖር አይችልም። ተመራማሪዎቹም አንድ ማረጋገጫ ምስጢር እንደማያወጣ የሚመዝኑት በዚሁ ነው።

«በዕድል ላይ የተመሠረተ ነገር ማረጋገጫ ይባላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ ዕድሉን የፈለግነውን ያህል ማጥበብ እንችላለን የሚል ነው። 128 ጊዜ ብንደግመው፣ የማታለል ዕድሉ 39 አኃዝ ካለው ቁጥር አንድ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዕድል ጠብቆ የሚሳካለት አጭበርባሪ አይኖርም።

አሁን በቁጥር

ኮምፒውተር ክር የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ብዕርና ወረቀት ይያዙና እውነተኛውን ዘዴ በትናንሽ ቁጥሮች እንሥራው። ዘዴው ክላውስ ሽኖር የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ1989 ያቀረበው ነው። ማባዛትና ማካፈል ይበቃዎታል።

ምስጢርዎ 7 ይሁን። 2ን ሰባት ጊዜ ጽፈው ያባዙ፦ 2×2×2×2×2×2×2 = 128። ይህን በ23 ያካፍሉና ቀሪውን ብቻ ይያዙ። 128 ለ23 ሲካፈል 5 ደርሶ 13 ይቀራል። 13ን ለሁሉም ሰው ያሳውቁ፤ የስም ሰሌዳዎ ነው። 7 ግን ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

ከ13 ተነሥቶ ወደ 7 መመለስ አይቻልም? በዚህ ትንሽ ቁጥር እየሞከሩ ማግኘት ይቻላል። በእውነተኛው ሥራ ላይ ግን ምስጢሩ 77 ያህል አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ወደ ፊት ማስላቱ ለስልክ እንኳ ቀላል ነው። ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ ግን ዛሬ ላሉት ኮምፒውተሮች አልተገኘም።

አሁን 7ን ሳይናገሩ እንደሚያውቁት ያረጋግጡ።

አንደኛ ደረጃ። ለዛሬ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቁጥር በዕጣ ያውጡ፤ 5 ይሁን። 2ን አምስት ጊዜ ሲያባዙ 32 ነው። ለ23 ሲካፈል ቀሪው 9። ለጠያቂው 9ን ይላኩለት።

ሁለተኛ ደረጃ። 9 ከደረሰው በኋላ ጠያቂው በዕጣ አንድ ቁጥር አውጥቶ ይልክልዎታል። 3 ይሁን።

ሦስተኛ ደረጃ። 3ን በምስጢርዎ ያባዙ፤ 21። የዛሬውን 5 ይደምሩ፤ 26። ይህን ደግሞ ለ11 ያካፍሉና ቀሪውን ይያዙ፤ 4። ለምን 11? 2ን እያባዙ ለ23 ሲያካፍሉ ቀሪው በ11ኛው ላይ ወደ 1 ይመለሳል። ሰዓት 12 ሞልቶ እንደገና ከ1 እንደሚጀምረው ነው። 4ን ይላኩ።

አራተኛ ደረጃ። ጠያቂው ያጣራል። በአንድ በኩል 2ን አራት ጊዜ ያባዛል፤ 16። በሌላ በኩል የስም ሰሌዳዎን 13 ሦስት ጊዜ ያባዛል፤ 2,197። ለ23 ሲካፈል ቀሪው 12 ነው። 12ን እርስዎ መጀመሪያ በላኩት 9 ሲያባዛ 108። ለ23 ሲካፈል ቀሪው 16። ሁለቱም 16 ሆኑ። አመነ።

በጠያቂው እጅ የቀሩት 9፣ 3 እና 4 ናቸው። 7 የለም። 4 ውስጥ 7 ተደብቋል፤ ግን የዛሬውን 5 ያላወቀ ሊያወጣው አይችልም። 5 ደግሞ 9 ውስጥ ተቆልፏል።

እንደ ጋሽ ታዬ ባልንጀራ ሁሉ፣ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያየ ሌላ ሰውም አያምንም። ማንም 3ንና 4ን አስቀድሞ መርጦ ለእነሱ የሚስማማውን 9 ወደ ኋላ ማስላት ይችላል። ጠያቂው ያመነው ቅደም ተከተሉን ስላየ ነው። እርስዎ 9ን የላኩት 3 መምጣቱን ሳያውቁ ነው።

አጭበርባሪስ 3ን አስቀድሞ ቢገምት? በዚህ ትንሽ ምሳሌ ከ11 አንድ ዕድል አለው። በእውነተኛው ሥራ ግን ከሚመጡት ጥያቄዎች ብዛት የተነሣ ግምት ተስፋ የለውም።

የሚያስጠነቅቅ ነገር

«የዛሬውን 5 ነገም ብጠቀምበት ምን ይሆናል?» እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ነገ ጠያቂው በ3 ፈንታ 1 ቢልክልዎ፣ 7 ሲደመር 5፣ 12 ይሰጣል፤ ለ11 ሲካፈል ቀሪው 1። ጠያቂው የዛሬውን 4 እና የነገውን 1 ያነጻጽራል። በመልሶቹ መካከል 3 ልዩነት አለ፤ በጥያቄዎቹ መካከል ደግሞ 2። ስለዚህ በ2 ተባዝቶ፣ ለ11 ሲካፈል 3 የሚቀረውን ቁጥር ይፈልጋል። 7 ነው፤ 14 ለ11 ሲካፈል 3 ይቀራል። ምስጢርዎ ወጣ።

ይህ የክፍል ውስጥ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2010 የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ዲጂታል ፊርማ በዚሁ ዓይነት ስህተት ተሰብሯል። የፊርማው ዘዴ የዚህ ዘዴ የቅርብ ዘመድ ነው። በየጊዜው መለወጥ የነበረበት ቁጥር ሳይለወጥ ሲደጋገም ተገኘ፤ ዋናው ቁልፍም ተሰላ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ የተበላሸው አጠቃቀሙ ነው።

ሁልጊዜ ፊት ለፊት መጠያየቅ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። በ1986 አሞስ ፊያት እና አዲ ሻሚር ጠያቂውን በሃሽ ተኩት። ሃሽ ማለት የቁጥር ወፍጮ ነው። አንድ ዓይነት እህል ከሰጡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዱቄት ያወጣል። ዱቄቱን አይቶ እህሉን መመለስ ግን አይቻልም።

በእኛ ምሳሌ፣ የስም ሰሌዳዎን 13 እና መጀመሪያ ያሰሉትን 9 አንድ ላይ ወፍጮው ውስጥ ይጨምራሉ። የሚወጣው ቁጥር እንደ ጥያቄ ይቆጠራል። ዱቄቱ ምን እንደሚሆን ሳይፈጩ ማወቅ ስለማይቻል አስቀድሞ መገመት አይጠቅምም። እንዲህ ከሆነ ማረጋገጫው እንደ ደብዳቤ ይላካል፤ ጠያቂው በተመቸው ሰዓት ያጣራዋል።

በዚያው ዓመት ኦደድ ጎልድራይክ፣ ሲልቪዮ ሚካሊ እና አቪ ቪግደርሰን ትልቁን በር ከፈቱ። መልሱ ከተገኘ በኋላ በፍጥነት ሊጣራ የሚችል ማንኛውም ጉዳይ፣ ምስጢር የሚቆለፍበት ሒሳብ እስካልተሰበረ ድረስ፣ መልሱ ሳይታይ ሊረጋገጥ እንደሚችል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ጥያቄ በስንት ወጪ እንደሚቻል ነው።

ለመታወቂያ እንዴት ይውላል?

ዕድሜን እንውሰድ። መታወቂያ የሰጠዎት መሥሪያ ቤት መረጃዎ ላይ በዲጂታል ይፈርማል። የተፈረመው መረጃ ስልክዎ ላይ ይቀመጣል። ዕድሜዎን የሚጠይቅ ሱቅ ሲያጋጥምዎ፣ ስልክዎ እንዲህ የሚል ማረጋገጫ ያሰላል፦ «በዚህ መሥሪያ ቤት የተፈረመ መታወቂያ አለኝ፤ በውስጡ ያለው የልደት ቀን ከ18 ዓመት በፊት ነው።» ሱቁ የሚደርሰው «አዎ» ብቻ ነው። ስም የለም፤ የልደት ቀን የለም፤ የእህት ስልክ የለም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የዲጂታል መታወቂያ ደንብ በመግቢያው ይህን ዘዴ በስም ጠቅሶታል። አባል አገሮች በ2026 መጨረሻ ለነዋሪዎቻቸው ዲጂታል የመታወቂያ ቦርሳ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቦርሳው ሲቀርብላቸው፣ የትኛው መረጃ እንደሚወጣና የትኛው እንደሚቀር ቢጠይቁ ይጠቅማቸዋል። ጉግልም በ2025 ለዕድሜ ማረጋገጫ የሚያገለግል የዚህ ዓይነት ኮድ ለማንም ክፍት አድርጎ አውጥቷል።

ታዲያ ምን ያስከፍላል?

ሦስት ዓይነት ወጪ አለው።

የመጀመሪያው የማስላት ወጪ ነው። በቁጥር ያየነው ቀላል ዘዴ እዚህ ግባ የሚባል ወጪ የለውም። ረጅም ስሌትን በሙሉ ለማረጋገጥ ሲሞከር ግን አስረጂው ላይ ሸክም ይወድቃል። ስሌቱን ዝም ብሎ ከመሥራት በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ልፋት ሊጠይቅ ይችላል። ዚካሽ የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በ2016 ሲጀምር፣ ላኪና ተቀባይን ደብቆ አንድ ክፍያ ለመላክ ኮምፒውተሩ ከ3 ጊጋባይት በላይ ማህደረ ትውስታና ከግማሽ ደቂቃ በላይ ጊዜ ይፈልግ ነበር። በ2018 በተደረገው ማሻሻያ ማህደረ ትውስታው ወደ 40 ሜጋባይት፣ ጊዜውም ወደ ጥቂት ሰከንድ ወረደ። ያኔ ነው በስልክ መሥራት የተቻለው።

ለሚያጣራው ወገን ግን በጣም ርካሽ ነው። ስናርክ የሚባሉት አጫጭር ማረጋገጫዎች አሉ። የንስ ግሮት በ2016 ባቀረበው ዓይነት አንድ ማረጋገጫ 192 ባይት ያህል ነው። በአማርኛ ከተጻፉ ሁለት አጭር የስልክ መልእክቶች ያነሰ ማለት ነው። የሚጣራውም በጥቂት ሚሊሰከንዶች ነው።

ሁለተኛው ወጪ እምነት ነው። ብዙዎቹ ስናርኮች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አንድ የዝግጅት ሥነ ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። በዚያ ጊዜ የሚፈጠር ምስጢራዊ ቁጥር ሥራው ሲያልቅ መጥፋት አለበት። አንድ ሰው ደብቆ ካስቀረው ሐሰተኛ ማረጋገጫ መሥራት ይችላል። ለዚካሽ በ2016 ስድስት ሰዎች ቁጥሩን ተከፋፍለው ሠሩት። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ድርሻውን በሐቀኝነት ካጠፋ ነገሩ አስተማማኝ ነው። ይህን ሥነ ሥርዓት የማይፈልግ ስታርክ የተባለ ዓይነት በ2018 ኤሊ ቤን-ሳሰንና ባልደረቦቹ አቅርበዋል። የሚመካው በወፍጮው፣ ማለትም በሃሽ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደፊት ይመጣሉ የሚባሉትን ኃይለኛ የኳንተም ኮምፒውተሮችም ይቋቋማል ተብሎ ይታመናል። ዋጋው መጠኑ ነው፤ ማረጋገጫው ከአሥሮች እስከ መቶዎች ኪሎባይት ይደርሳል።

ሦስተኛው ወጪ ስህተት ሲፈጠር የሚመጣው ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በማርች 2018 የዚካሽ ባለሙያ በሥርዓቱ መሠረት ላይ አንድ ስህተት አገኘ። ስህተቱን ያወቀ ሰው ያለ ገደብ ሐሰተኛ ገንዘብ መፍጠር ይችል ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በጸጥታ ተስተካከለ፤ ለሕዝብ የተነገረው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ማንም እንደተጠቀመበት የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም። ግን ሒሳቡ የተሸፈነ ስለሆነ በቀጥታ ገልጦ ማየት አይቻልም ነበር። ምስጢርን የሚጠብቅ መጋረጃ ስህተትንም ይጋርዳል። ስለዚህ ኮዱ ክፍት መሆኑና በብዙ ዓይን መመርመሩ የግድ ነው።

የማይሠራውስ ነገር?

ማረጋገጫው የሚያረጋግጠው የተፈረመውን ነው። መሥሪያ ቤቱ የልደት ቀንዎን አሳስቶ ከመዘገበ፣ ስህተቱ ራሱ በትክክል ይረጋገጣል። ስልክዎን የወሰደ ሰው መክፈት ከቻለም በእርስዎ ፈንታ «አዎ» ሊል ይችላል። ስለዚህ የመዝገቡ ጥራትና የስልኩ ቁልፍ አሁንም ወሳኝ ናቸው።

በአገራችን የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ቁጥር 1321/2016 ሆኖ ወጥቷል (የሁለቱ አዋጆች ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)። ሕጉ አለ፤ ሒሳቡም አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው ግን «ለዚህ ጉዳይ ማወቅ የሚያስፈልገን ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አሠራር ነው።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ቴክኖሎጂው እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። እኔ ያን ዕለት ማታ ለእህቴ ደውዬ ስልኳ የት እንደቀረ ነገርኳት። አሁን ኮፒ ስጠየቅ በትሕትና «ማረጋገጥ የፈለጋችሁት ምኑን ነው?» እላለሁ። አንዳንዴ አይተው ይመልሱልኛል። ኮፒው የግድ ከሆነም ለማን፣ ለምን ጉዳይና በምን ቀን እንደሰጠሁ ወረቀቱ ላይ ጽፌ፣ የማያስፈልገውን መስመር ሸፍኜ እሰጣለሁ። መጀመሪያ የምሸፍነው የእህቴን ስልክ ነው።